ከአገሩ በፊት ሒሳቡ፦ ውጭ አገር ለመማር አማራጮችን ማወዳደሪያ

«የትኛው አገር ይሻላል?» የሚለውን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁ አላስታውስም። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ መልሱን ግማሽ ያህል ይዞ ነው የሚመጣው። የአክስቱ ልጅ ካናዳ አለ፣ ወይም «ጀርመን እኮ በነጻ ነው» ሲባል ሰምቷል። እኔም መልሼ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ቪዛ በምታመለክትበት ቀን በእጅህ ስንት ገንዘብ ይኖራል? ትምህርቱ ተጋምሶ ገንዘቡ ቢያልቅስ ምን ታደርጋለህ? ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ የአገሮቹ ዝርዝር በራሱ ጊዜ ያጥራል።

ሰዎች የሚያወዳድሩት የትምህርት ክፍያን ነው፤ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው እሱ ስለሆነ። ወሳኙ ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ ገና ከቤት ሳትወጡ በባንክ የምታሳዩት፣ የምታስቀምጡት ወይም የምትከፍሉት ድምር። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

ሁለት ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ

ሁለት የቅበላ ደብዳቤ ደረሳችሁ እንበል። አንዱ ከዩኬ ነው፤ ከለንደን ውጭ፣ የአንድ ዓመት ማስተርስ፣ የትምህርት ክፍያው 20,000 ፓውንድ። ሌላው ከጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፤ የሁለት ዓመት ማስተርስ፣ በእንግሊዝኛ፣ የትምህርት ክፍያ የሌለው። ላይ ላዩን ሲታይ ማሰብ እንኳ የሚያስፈልገው አይመስልም።

የዩኬውን እንደምር። ከኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከለንደን ውጭ የሚማር ሰው ለኑሮ በወር 1,171 ፓውንድ፣ ለ9 ወር፣ እንዳለው ማሳየት አለበት፤ 10,539 ፓውንድ ይሆናል። ለንደን ቢሆን በወር 1,529 ነው። በዩኬ የመንግሥት ሕክምና ለመጠቀም የሚከፈለው የጤና ክፍያ ለተማሪ በዓመት 776 ፓውንድ ቢሆንም የአንድ ዓመት ማስተርስ ቪዛ ከትምህርቱ በኋላም ጥቂት ወራት ስለሚሰጥ አብዛኛውን ጊዜ 1,164 ሆኖ ይመጣል፤ የሚከፈለውም ማመልከቻው ሲገባ፣ በአንድ ጊዜ ነው። ለቪዛው ራሱ ደግሞ ከ500 ፓውንድ በላይ። ሁሉም ሲደመር ወደ 32,000 ፓውንድ ይጠጋል። የትምህርት ክፍያውን በከፊል አስቀድማችሁ ከከፈላችሁ ያ ከሚታየው ገንዘብ ላይ ይቀነሳል፤ ከኪሳችሁ ግን ያው ወጥቷል።

ገንዘቡ መኖሩ ብቻም አይበቃም። ሒሳቡ ውስጥ 28 ተከታታይ ቀን መቀመጥ አለበት፤ በእነዚህ ቀናት ከሚፈለገው መጠን በታች ለአንድ ቀን እንኳ መውረድ አይችልም። ስቴትመንቱ የሚዘጋበት ቀንም ማመልከቻው ከሚገባበት ቀን ከ31 ቀን በላይ መራቅ የለበትም። ለአውሮፕላን ትኬት ብሎ በ25ኛው ቀን ትንሽ ገንዘብ አውጥቶ በማግስቱ የመለሰ ልጅ አውቃለሁ። ቪዛው ተከለከለ። ትኬቱን ከሌላ ሰው ተበድሮ ቢገዛ ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር። ሒሳቡ የማን ነው የሚለውም አለ፤ የራሳችሁ ወይም የወላጆቻችሁ መሆን አለበት። የወላጅ ከሆነ የልደት የምስክር ወረቀትና የፈቃድ ደብዳቤ ይያያዛል። ሀብታም አጎት እዚህ ላይ አይጠቅምም፤ ገንዘቡን ወደ እናንተ ሒሳብ አዛውሮ 28 ቀኑን ካልቆጠረ በቀር። አሜሪካ በዚህ በኩል ላላ ያለች ናት፤ ስፖንሰሩ ዘመድም ወዳጅም ሊሆን ይችላል፤ አቅሙንና ፈቃደኛነቱን በወረቀት ያሳይ እንጂ።

ወደ ጀርመኑ ደብዳቤ እንምጣ። እዚህ ያለው በር ብሎክድ አካውንት የሚባለው ነው። 11,904 ዩሮ ታስገባላችሁ፤ ጀርመን ስትደርሱ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅላችኋል። ገንዘቡ የራሳችሁ ነው፤ የምትበሉትም የምትከራዩበትም እሱው ነው። የጤና መድን በወር ከ100 ዩሮ በላይ ይወስዳል። በየሴሚስተሩ የሚከፈል መዋጮ አለ፤ እንደ ከተማው ከ100 እስከ 350 ዩሮ አካባቢ ሲሆን ብዙ ቦታ የአውቶቡስና የባቡር ትኬትን ይጨምራል። ስለዚህ በሩን ለማለፍ ከ12,000 እስከ 13,000 ዩሮ ይበቃል። ከዩኬው ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ግን ሁለተኛው ዓመት አለ። የመኖሪያ ፈቃዱ ሲታደስ የገንዘብ ማስረጃው እንደገና ይጠየቃል። «እዚያ ሄጄ ሠርቼ እሞላዋለሁ» የሚለው ስሌት የሚፈተነው ያኔ ነው። ሕጉ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራትን ይፈቅዳል፤ ለመኖር የሚበቃ ይሆናል። ሥራ መገኘቱ ግን በሕግ አልተጻፈም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጀርመንኛ ለማይናገር ሰው በተለይ። ስለዚህ ምክሬ፣ ቢያንስ የሁለተኛው ዓመት ግማሽ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ አትነሱ ነው። ዩኬ በአንጻሩ አንድ ትልቅ ክፍያ ነው፤ ያማል፣ ግን በአንድ ዓመት ያልቃል።

«ነጻ» የሚለው ቃልም እየጠበበ ነው። ባደን ቩርተምበርግ የተባለችው የጀርመን ክፍለ ግዛት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን ከ2017 ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ታስከፍላለች። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 መጸው አንስቶ እንደ ትምህርቱ በሴሚስተር ከ2,000 እስከ 6,000 ዩሮ መጠየቅ ጀምሯል። ወደ ሰሜን ከሄድን ዴንማርክ በ2006፣ ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017፣ ኖርዌይ በ2023 ክፍያ አስገብተዋል። ከአምስት ዓመት በፊት የተጻፈ «በነጻ የሚማሩባቸው አገሮች» ዝርዝር እጃችሁ ላይ ካለ ጣሉት።

ከምረቃ በኋላስ? ዩኬ ለማስተርስ ተመራቂ ሁለት ዓመት ሥራ የመፈለጊያና የመሥሪያ ጊዜ ትሰጣለች፤ ከ2027 መጀመሪያ አንስቶ ለሚያመለክቱ ግን ወደ 18 ወር ዝቅ ይላል። ጀርመን ከትምህርት ጋር የሚመጣጠን ሥራ ለመፈለግ 18 ወር ትፈቅዳለች። በወር ስትቆጥሩት እኩል ይመስላል። ልዩነቱ ቋንቋ ነው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም አሠሪው በአብዛኛው ጀርመንኛ ይፈልጋል። ሁለቱን ዓመት ጠዋት ክፍል፣ ማታ ቋንቋ ብሎ መጨከን ለሚችል ሰው ጀርመንን አስቀድማለሁ። ቋንቋ ለማይሆንለት፣ ወይም ተመልሶ የሚገባበት ሥራ ለሚጠብቀው ደግሞ ዩኬን። ባለትዳር ከሆናችሁ ሒሳቡ ሌላ ነው። ዩኬ ከጥር 2024 ወዲህ ከምርምር ዲግሪ በታች ያለ ተማሪ የትዳር ጓደኛና ልጆች ይዞ እንዲገባ አትፈቅድም፤ በመንግሥት ስኮላርሺፕ ከሚሄዱት በቀር። ይህን ቅበላ ካገኙ በኋላ የሚያውቁ ሰዎች መኖራቸው ይገርመኛል።

ለመጀመሪያ ዲግሪ ነገሩ ይገለበጣል

ከላይ ያለው ስሌት ሁለተኛ ደረጃ ለጨረሰ ልጅ አይሠራም። ጀርመን ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ጥቂት ነው። የብዙ አገሮች የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃም በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አያስገባም፤ ሽቱድየንኮሌግ የሚባል የአንድ ዓመት መሰናዶ ያስፈልጋል። ለእሱ መግቢያ ራሱ ጀርመንኛ ይጠየቃል። ቋንቋ አንድ ዓመት፣ መሰናዶ አንድ ዓመት፣ ዲግሪ ሦስት ዓመት። «በነጻ» ሲባል የሰማችሁት አምስት ዓመት ሆነ፤ የአምስት ዓመት ቀለብና ኪራይ ያለው።

አሜሪካ ደግሞ በዚህ ደረጃ ከሁሉም ውድም ከሁሉም ለጋስም ናት። ስማቸው የገነነ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ዓመታዊ ወጪ ከ80,000 ዶላር በላይ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትማውዝና ቦውዶን ግን የውጭ አገር አመልካች ገንዘብ ያስፈልገዋል ወይ የሚለውን ለቅበላ ውሳኔ አይጠቀሙበትም፤ ተቀባይነት ላገኘ ደግሞ ቤተሰቡ የማይችለውን ያህል ይሸፍናሉ። የሚቀበሉት ከመቶ አመልካች ጥቂቱን ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ዕጣ ቁጥር ቁረጡት፤ አንድ ሁለት ሞክሩ፣ ሕይወታችሁን ግን በእሱ ላይ አታንጠልጥሉ። ከሌሎቹ ኮሌጆች አብዛኞቹ የጠየቃችሁትን ድጋፍ መጠን አይተው ነው የሚወስኑት፤ ቤተሰባችሁ በዓመት 5,000 ዶላር መክፈል ከቻለ «ምንም የለንም» ከማለት ያንን መጻፍ ዕድላችሁን ከፍ ያደርገዋል። የማመልከቻ ክፍያው ለእያንዳንዱ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ዶላር ነው። ይህን ለማስቀረት ለቅበላ ቢሮው ሦስት መስመር ኢሜይል መጻፍ በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሚጽፈው ሰው ግን ጥቂት።

ለአሜሪካ ቅበላው ሲገኝ ትምህርት ቤቱ አይ-20 የሚባለውን ቅጽ ይልካል፤ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ በቁጥር የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። 350 ዶላር የሴቪስ (የውጭ አገር ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት)፣ 185 ዶላር የቪዛ ክፍያ ይከተላል። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ቃለ መጠይቅ። ሕጉ አመልካቹን ሁሉ ለመቅረት የሚሄድ አድርጎ ነው የሚጀምረው፤ እንዳልሆነ ማሳየት የእናንተ ሥራ ነው። በ2025 ደግሞ አሜሪካ የበርካታ አገሮች ዜጎች በተማሪ ቪዛም ጭምር እንዳይገቡ ገደብ ጥላለች፤ ከማመልከታችሁ በፊት የያዛችሁት ፓስፖርት ዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖሩን እዩ።

ምርምር ለሚፈልግ ግን አሜሪካ አሁንም ቀዳሚ ምርጫዬ ናት። በሳይንስና በምሕንድስና ብዙዎቹ የፒኤችዲ ፕሮግራሞች የትምህርት ክፍያውን ሸፍነው የወር ደመወዝ ይከፍላሉ፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ በቀጥታ ማመልከትም ይቻላል። ማስተርስ በራሱ ገንዘብ ሊማር ብድር የሚፈልግ ጎበዝ ተማሪ ሳይ «መጀመሪያ ፒኤችዲውን ሞክር» እላለሁ።

ሕጋቸው በየወሩ የሚለዋወጥ

ካናዳ ለብዙ ዓመታት ለኑሮ 10,000 የካናዳ ዶላር ማሳየትን ብቻ ትጠይቅ ነበር። በጥር 2024 ቁጥሩ 20,635 ሆነ፤ ከመስከረም 2025 ወዲህ 22,895 ነው፤ የትምህርት ክፍያና ትኬት ሳይጨምር። በዚያው በ2024 የተማሪ ቁጥር ላይ ጣሪያ ተጣለ፤ ከክፍለ ግዛቱ የሚሰጥ የማረጋገጫ ደብዳቤም መጣ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማስተርስና ፒኤችዲ የሚማሩ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ከዚህ ነጻ ሆነዋል። ይህ ብቻውን አቅጣጫውን ያሳያል፦ ካናዳ ለማስተርስ አሁንም ደህና ናት፤ ለአጭር የኮሌጅ ዲፕሎማ ግን ነገሩ ከብዷል። ሁሉም ዲፕሎማ ከምረቃ በኋላ የሥራ ፈቃድ አያሰጥም፤ የትምህርት መስኩም ይቆጠራል፤ የመንግሥት ኮሌጅ ሥርዓተ ትምህርት ተከራይተው የሚያስተምሩ የግል ኮሌጆች ከግንቦት 2024 በኋላ ላስገቧቸው ተማሪዎች ፈቃዱን አያስገኙም። የኮሌጁ ሕንጻ ፎቶ ግን ዛሬም ያው ነው፤ ማስታወቂያውም።

አውስትራሊያ የተማሪ ቪዛ ክፍያዋን ከ710 የአውስትራሊያ ዶላር በሐምሌ 2024 ወደ 1,600፣ በዓመቱ ደግሞ ወደ 2,000 አሳድጋለች። ቢከለከሉ አይመለስም። እንዲህ ያለ ውርርድ ገንዘቡ ለተትረፈረፈው ነው።

«ሙሉ ስኮላርሺፕ» ስንት ነው?

ሙሉ የሚለው ቃል አንድ ዓይነት አይደለም። ኢራስመስ ሙንደስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል፤ ቢያንስ በሁለት አገር ያስተምራል፤ በዚያ ገንዘብ ሰው ይኖራል። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩምም ሙሉ ይባላል፤ የትምህርት ክፍያውንና ማደሪያውን ይሸፍናል። የወር ኪስ ገንዘቡ ግን ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ ለረጅም ዓመታት 43,700 ፎሪንት ነበር፤ እንደ ምንዛሬው ከ110 እስከ 140 ዩሮ አካባቢ። ዕድሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ውድድሩ ከሌሎቹ ቀለል ይላል፣ ለመጀመሪያ ዲግሪም ክፍት ነው። በየወሩ ከቤት የሚላክ ነገር እንደሚያስፈልግ አውቃችሁ ግቡበት ነው የምለው።

ቅድመ ሁኔታዎቹንም አወዳድሩ። ቼቭኒንግ የሚባለው የዩኬ መንግሥት ስኮላርሺፕ የዩኬን ማስተርስ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ግን 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ከትምህርቱ በኋላም ሁለት ዓመት ወደ አገራችሁ ተመልሳችሁ እንድትኖሩ ያስገድዳል። ለመቅረት የሚያስብ ሰው ይህን ፈርሞ ባይሄድ ይሻለዋል። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳድ ከልማት ጋር ለተያያዙ ማስተርሶች የሚሰጠው ሁለት ዓመት ገደማ የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ዲግሪም ከስድስት ዓመት በላይ የቆየ ባይሆን ይመርጣል። ስለዚህ ትናንት ለተመረቀ ልጅ ሁለቱም ገና ናቸው፤ ለእሱ ኢራስመስ ሙንደስ ይቀርበዋል። የቱርክ፣ የጃፓንና የደቡብ ኮሪያ መንግሥታት ስኮላርሺፖች ብዙውን ጊዜ ከትምህርቱ በፊት የቋንቋ ጊዜ ይጨምራሉ። አንዳንዱ እንደ ብክነት ያየዋል። እኔ በተከፈለበት ገንዘብ አዲስ ቋንቋ መማርን ብክነት አልለውም።

ኤጀንት ወይስ ራስ?

ኤጀንት ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም፤ ግን ደመወዙ ከየት እንደሚመጣ እወቁ። ብዙዎቹ ኮሚሽን የሚያገኙት ካስገቧችሁ ትምህርት ቤት ነው። የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለማንም ኮሚሽን አይከፍልም፤ ስለዚህ «ጀርመን አስቸጋሪ ነው፣ ይሄኛው ይሻልሃል» ብሎ ወደ ግል ኮሌጅ የሚመልሳችሁ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። «ቪዛው የተረጋገጠ ነው» ካለ ደግሞ ተነሥታችሁ ውጡ። የትምህርት ቤቱን ሕጋዊነት ራሳችሁ በአምስት ደቂቃ ታጣራላችሁ፦ ዩኬ ፈቃድ ያላቸውን ስፖንሰሮች መዝገብ፣ ካናዳ የተመደቡ ትምህርት ቤቶችን ዝርዝር፣ አሜሪካ አይ-20 መስጠት የሚችሉትን ዝርዝር በመንግሥት ድረ ገጽ ያወጣሉ። ለጀርመን አናቢን የሚባለው የመረጃ ቋት አለ፤ ከዩኒቨርሲቲው ስም አጠገብ ኤች ፕላስ የሚል ምልክት ካለ እውቅና አለው ማለት ነው።

ሕክምና፣ ነርሲንግ ወይም ሕግ ለምትማሩ አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ዲግሪው ልትሠሩበት ባሰባችሁት አገር ፈቃድ ያስገኝ እንደሆነ ፈቃድ ሰጪውን አካል ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲውን አይደለም።

ቀኑን ወደኋላ መቁጠር

በመስከረም ለሚጀምር ትምህርት ሥራው የሚጀምረው ከአንድ ዓመት በፊት ነው። የቼቭኒንግ ማመልከቻ የሚከፈተው ነሐሴ አካባቢ ነው፤ ለቀጣዩ ዓመት መጸው። የአይኤልትስና የቶፍል (የእንግሊዝኛ ፈተናዎች) ውጤት ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ቀደም ብሎ መፈተን አይጎዳም። በፓስፖርት፣ በትራንስክሪፕትና በፈተናው ላይ የስማችሁ ፊደል አንድ ዓይነት መሆኑን ዛሬውኑ እዩ። አንድ ፊደል ለማስተካከል ወር ሲፈጅ አይቻለሁ። የጀርመን ቪዛ ቀጠሮ በብዙ ቦታ ወራት ያስጠብቃል፤ ቅበላው ደግሞ በአብዛኛው ለሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም፤ እንደገና ማመልከት ነው። ዩኬ በዚህ ፈጣን ናት፤ ውሳኔው ብዙ ጊዜ በሳምንታት ይመጣል።

ሁለት አማራጭ ቀርቶ መወሰን ሲያቅታችሁ የተመላሽ ክፍያ ደንባቸውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። ቪዛ ቢከለከል ብሎክድ አካውንቱ ውስጥ ያለው ገንዘብ የክልከላው ደብዳቤ ሲቀርብ ይመለሳል፤ የሚቀረው የአገልግሎት ክፍያው ነው። ዩኬ የጤና ክፍያውን ትመልሳለች፤ የቪዛውን አትመልስም። ለዩኒቨርሲቲው የተከፈለ ቅድሚያ ክፍያ እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል፤ አንዳንዱ ሙሉውን ይመልሳል፣ አንዳንዱ ቆርጦ፣ አንዳንዱ ደግሞ የተከለከላችሁት ባቀረባችሁት ሰነድ ጉድለት ከሆነ ምንም አይመልስም። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በደንቡ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።